ሽማግሌ የተላከበት የመመረቂያ ጽሑፍ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ 11 የተመራቂ ቡድኖችን አማክራለሁ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሦስት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ በከተማችን ባንኮች የሠራተኞች የሥራ ርካታ ላይ ሠራነው ብሎ ያስረከበኝ ጽሑፍ ገጽ 31 ላይ ሲደርስ በድንገት የሌላ ከተማ ስም ይጠራል። ፈልጌ ስመለከት ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ዩኒቨርሲቲ የቀረበና በኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት፤ የተቀየሩት የከተማው ስምና ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከጽሑፉ ጋር ያስረከቡኝ 96 መጠይቆችም በሁለት ሰው የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው።

ሳነጋግራቸው አንደኛው በግቢው በር አካባቢ ላለ ኮፒ ቤት 6,000 ብር ከፍሎ እንዳሠራው አመነ። ሁለተኛው ምንም አላወቅሁም አለ። ሦስተኛዋ የንድፈ ሐሳቡን ምዕራፍ ራሷ ጽፋ ለጓደኞቿ እንደሰጠችና ሳያስገቡላት እንደቀሩ እያለቀሰች ነገረችኝ። የከፈለው ልጅ አባቱ የሞተበት፣ ማታ ማታ እየሠራ እናቱን የሚረዳ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጡ፤ አንደኛው የእናቴ ወንድም ነው። ባልደረቦቼ ደግሞ ‹አሳልፊያቸው፤ የመውጫ ፈተናው ራሱ ያበጥራቸዋል› ይሉኛል። በዝምታ እንደገና እንዲጽፉት ላድርግ ወይስ ሪፖርት ላድርግ? በሌላ ቡድን ያለ አንድ ተማሪ የጻፈው ምዕራፍም የቻትጂፒቲ መስሎኝ በአንድ መፈተሻ ድረ ገጽ ባስገባው 82 በመቶ አለኝ። እሱንስ ምን ላድርገው? ዲፌንሱ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን በመርማሪዎች ፊት የሚያቀርቡበት ቀን፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግራ የገባኝ መምህርት።»

የተከበሩ መምህርት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሁሉ በፊት የምነግርዎ አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ምክሬም ከእሱ የሚመዘዝ ነው። በዚህ ጉዳይ ለብቻዎ ምሕረት ማድረግም ለብቻዎ መቅጣትም አይገባዎትም። በዝምታ «እንደገና ጻፉት» ብለው ቢያልፏቸው፣ ወይም ተናደው ኤፍ ሰጥተው ቢዘጉት፣ ሁለቱም ማንም ሳያየው በአንድ ሰው ቢሮ ውስጥ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል፤ የተፈረደለትም የተፈረደበትም ነገ ይግባኝ የሚልበት ቦታ አይኖረውም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ ሁለት ምዕራፍ ከሌላ ሰው ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ አመጣልኝ። ደጄ ቆሞ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል አለና ለማንም ሳልናገር «በዐሥር ቀን ውስጥ አስተካክለህ አምጣ» አልኩት። አስተካክሎ አመጣ፤ የተስተካከለውን ማን እንደጻፈው ግን አልጠየቅሁም፤ ቢ ሰጠሁት። በዚያው ዓመት አንዲት ተማሪዬ መረጃዋን ለመሰብሰብ አራት ቀበሌ በእግሯ ዞራ፣ የተመለሱላት መጠይቆች ጥቂት ስለሆኑ ጽሑፏ ሳስቶብኝ ሲ ፕላስ ሰጥቻት ነበር። ውጤት በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ መጣች። ቅሬታ አላቀረበችም፤ «ምን ባደርግ ይሻል ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ለልጁ ያደረግሁት ቸርነት በእሷ ላይ የተፈጸመ በደል መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣም። እርስዎም ከቀሩት ዐሥር ቡድኖች መካከል ባንክ በራፍ ላይ ተራ ጠብቀው፣ «ነገ ተመለሱ» እየተባሉ ተመላልሰው የሠሩ ልጆች እንዳሉ ያስቡ። ሽማግሌ የሚልክላቸው የለም፤ ምክንያቱም የሚለመንበት ጥፋት የላቸውም።

ባልደረቦችዎ ስለ መውጫ ፈተናው የሚሉት በብዙ ግቢ የሚሰማ ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡት ከተፈታኞቹ እኩሌታ አልሞሉም፤ ስለዚህ ወንፊት ነው መባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ የሚለካው ተማሪው የኮርሶቹን ይዘት ምን ያህል እንደያዘ ነው። ሰው ፊት ቆሞ ጠይቆ፣ የሰማውን እንደሰማው መመዝገቡን፣ ያላገኘውን «አላገኘሁም» ብሎ መጻፉን የሚለካበት መንገድ የለውም። ይህ ልጅ ነገ በአንድ ባንክ የብድር ማመልከቻ ሲመረምር ወይም የመጋዘን ቆጠራ ላይ ሲፈርም ያላየውን ንብረት «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርም እንደሆነ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችለው በእርስዎ እጅ ባለው ሥራ ላይ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰው የሄደበት፣ ወይም ሄድኩ ያለበት፣ ዋናው ሥራ የመመረቂያ ጽሑፉ ነውና።

«የሚቀጥለው ያበጥረዋል» የሚለው ልማድም አዲስ አይደለም፤ ያስከፈለንንም ዋጋ ዐይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሠራጨቱ ተሰርዞ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። የዚህ ውጤት መነሻው ኩረጃ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጦርነት ነበረ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረትም የቆየ ነው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ከየክፍሉ ወደ ቀጣዩ ሲተላለፉ፣ በየደረጃው «ከእኔ በኋላ የሚመጣው ያስተካክለዋል» ያለ አንድ መምህር ነበረ። እርስዎ ከዚያ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመዋል፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። መምጣታቸውን እንደ ድፍረት አይቁጠሩት። የልጁ እናት ሬጅስትራር የት እንደሆነ፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ ልጇ ሲጨነቅ የምታውቀው መንገድ ሽማግሌ መላክ ነው፤ በሄደችበት መንገድ መውቀስ አይገባንም። ደግመው ከመጡ በአክብሮት ይቀበሏቸው። ግን ሽምግልና የሚቆመው በበዳይና በተበዳይ መካከል ነው፤ እዚህ ላይ ተበዳይዋ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ እንዲህ ሊሏቸው ይችላሉ፦ «አባቶቼ፣ ከልጁ ጋር አልተጣላሁም። በእኔ ላይ የሠራው በደል ቢሆን ኖሮ ስለ እናንተ ስል ዛሬውኑ እምረው ነበር። ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የጓደኞቹም ነው። እርዱት ካላችሁ ያደረገውን በእውነት እንዲናገርና ቅጣት ቢመጣም ትምህርቱን ትቶ እንዳይጠፋ አጠገቡ ቁሙ።» ከዚህ ያለፈ ዝርዝር አይስጡ፤ በተለይም ስለ ሌሎቹ ሁለት ተማሪዎች አንድ ቃል አይተንፍሱ። ለመታሰቢያ ያህል እንኳ ቢሆን፣ ማርም ይሁን ቡና፣ ምንም ነገር አይቀበሉ።

የእናትዎ ወንድም ከመካከላቸው መሆናቸው ግን ለብቻው መፍትሔ ይፈልጋል። ዘመድ እንደላኩብዎ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ኃላፊው ከፈለጉ ቀሪውን ማጣራት ለሌላ መምህር ሊሰጡት ይችላሉ። አጎትዎ ለጊዜው ይቀየሙ ይሆናል፤ ቤታቸው ሄደው ፊት ለፊት ቢያስረዷቸው ይሻላል፤ በስልክ ወይም በሦስተኛ ሰው በኩል ከሰሙት ቂሙ ይከርማል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ሦስቱን ተማሪዎች እንደ አንድ ሰው አድርጎ መቅጣት ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነገር ነው። ኮፒ ቤት የከፈለው፣ እያወቀ ዝም ያለው (ዝም ብሎ ከሆነ)፣ እና የድርሻዋን ሠርታ የተገፋችው ልጅ አንድ ዐይነት ጥፋት የለባቸውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማስረጃውን ያስቀምጡ፤ የተረከቡትን ቅጂ ከተረከቡበት ቀን ጋር፣ ዋናውን ጽሑፍ አትመው፣ የሚመሳሰሉትን ገጾች ጎን ለጎን አስምረው። 96ቱን መጠይቆች ለማንም አይመልሱ። ከዚያ ተማሪዎቹ ለየብቻቸው በጽሑፍም በቃልም እንዲሰሙ ያድርጉ፤ ሲሰሙም ቢያንስ አንድ ሌላ መምህር አብሮ ይቀመጥ።

ጥያቄዎቹ ቀላልና ተጨባጭ ይሁኑ። ባንኩ የሄዳችሁት በምን ቀን ነው? ማን ተቀበላችሁ? ናሙናውን እንዴት መረጣችሁ? 96 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሁሉ በላይ የሚረዳዎ ግን የትብብር ደብዳቤው ነው። ትምህርት ክፍሉ ለተማሪዎቹ «ትብብር ይደረግላቸው» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ባንኩ መዝገብ ቤት ገብቶ ከሆነ ማኅተምና ቀን ይኖረዋል፤ ካልገባ መጠይቁ ዶርም ውስጥ እንደተሞላ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን የፈጠራ መረጃ አባቶቻችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሉታል፤ እኔ በበኩሌ ከተገለበጠው ጽሑፍ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሰው ሐሳብ የወሰደ ሰው ቢያንስ ባለቤት ያለው ነገር ነው የወሰደው፤ ያልተጠየቁ 96 ሠራተኞች «ረክተናል» ወይም «አልረካንም» አሉ ብሎ መጻፍ ግን ያልነበረን ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ያንን ጽሑፍ አምኖ የሚጠቅስ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም አብሮ ይሳሳታል።

ሦስተኛዋን ተማሪ በተመለከተ ጻፍኩት ያለችውን ምዕራፍ እንድታመጣ ይጠይቋት። በኮምፒውተር ወይም በፍላሽ ላይ ያለ ፋይል የተፈጠረበትንና የተሻሻለበትን ቀን ያሳያል፤ ለጓደኞቿ በቴሌግራም ልካላቸው ከሆነም የተላከበት ሰዓት አለ። ከዚያ ምዕራፉን ዘግተው ስለ ጻፈችው ይጠይቋት። እውነቷን ከሆነ በጽሑፍ እንዲመዘገብላትና ጉዳይዋ ከሁለቱ ተለይቶ እንዲታይ አጥብቀው ይከራከሩላት፤ ያስረከቡት ጽሑፍ ላይ ስሟ ያለ ቢሆንም ለብቻዋ ዲፌንስ የምታቀርብበት መንገድ እንዲፈለግ ይጠይቁ። «አላወቅሁም» ያለው ልጅ ደግሞ የመጠይቁን የእጅ ጽሑፍ ማየት ግድ ይለዋል፤ ከሁለቱ እጆች አንዱ የእሱ ሆኖ ከተገኘ ያወቀውንና ያላወቀውን ራሱ ይለየዋል።

ይህን ሁሉ ካጠናቀሩ በኋላ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በደብዳቤ ያቅርቡ። የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጂስሌሽን እንዲህ ያለውን ጥፋት ማን እንደሚያጣራ፣ ተማሪው እንዴት እንደሚሰማ፣ ምን ቅጣት እንደሚወሰንና ይግባኙ ለማን እንደሆነ የሚደነግግ ሰነድ ነው፤ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት አንቀጾቹን ያንብቡና በቁጥራቸው ይጥቀሱ። ደብዳቤው ውስጥ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ «ሌባ»፣ «ቀጣፊ» የሚል ቃል አይግባበት።

የልጁ ድህነትስ? እዚህ ላይ ነው ልብዎ የተከፈለው፤ የእኔም ተከፍሏል። ማታ እየሠራ ቀን የሚማር ልጅ የሚደክመው ድካም ቀላል አይደለም፤ የምርቃቱን ቀን እየቆጠረች ሣንቲም የምታጠራቅም እናት እንዳለችውም ይታየኛል። ያም ሆኖ ድካሙ ጥፋቱን ያስረዳል እንጂ አይሽረውም፤ 6,000 ብር የሌለው ሌላ ድሃ ተማሪ በዚያው ግቢ ውስጥ ጽሑፉን ራሱ ጽፏል። ርኅራኄዎን የሚያሳዩበት ሁነኛ ቦታ ደብዳቤው ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ልጁ ሲጠየቅ ወዲያው ማመኑን፣ ያለበትን የኑሮ ሁኔታ፣ ከዚህ በፊት የታወቀ ጥፋት ከሌለበትም ይህንኑ ጽፈው፣ ቅጣቱ ከትምህርት የሚያባርር ሳይሆን ጽሑፉን በሚቀጥለው ሴሚስተር በሌላ ርዕስ እንደ አዲስ እንዲሠራ የሚያደርግ ቢሆን እንደሚመርጡ ይግለጹ። ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ የእርስዎ አስተያየት ግን በፋይሉ ውስጥ ይኖራል። ምርቃቱ መዘግየቱ እንደሚያሳፍረው አውቃለሁ። ሱፍ ከተሰፋ፣ ለዘመድ ከተነገረ በኋላ መቅረት ከባድ ነው። በራሱ እጅ የሠራውን ጽሑፍ ይዞ ከስድስት ወር በኋላ ቢመረቅ ግን በወረቀቱ ላይ የሚያስፈራው ነገር አይኖርም። የትምህርት ማስረጃቸው እየተመረመረ ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎችን ወሬ በየጊዜው እየሰማን ባለንበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቻትጂፒቲው ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነውና እባክዎ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ አያቅርቧቸው። በመጀመሪያው ጉዳይ ምንጩ በእጅዎ አለ፤ በሁለተኛው ያለዎት ጥርጣሬና የአንድ ድረ ገጽ ቁጥር ብቻ ነው። 82 በመቶ ማለት ጽሑፉ 82 እጁ በማሽን ተጻፈ ማለት አይደለም፤ ፕሮግራሙ የቃላቱን አካሄድ ዐይቶ የሚሰጠው ግምት ነው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የማሽንን ጽሑፍ ከሰው ለመለየት ያወጣውን መለያ በ2023 እ.ኤ.አ. ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከአገልግሎት አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ሲፈትኑ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ) ፈተና በገዛ እጃቸው የጻፏቸውን ድርሰቶች መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ናቸው ብለዋቸዋል። ምክንያቱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚጠቀምባቸው ቃላት ውስንና ተገማች ይሆናሉ፤ መለያው ደግሞ ተገማችነትን የማሽን ምልክት አድርጎ ይወስዳል። የእርስዎም የእኔም የዩኒቨርሲቲ ዘመን ጽሑፍ ቢገባበት ተመሳሳይ ቁጥር ሊያወጣ ይችል ነበር።

ስለዚህ ልጁን አይክሰሱት። ይጥሩትና አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ከጻፈው ምዕራፍ ሁለት አንቀጽ መርጠው፣ በአማርኛም ይሁን በሚመቸው ቋንቋ እንዲያብራራልዎ ይጠይቁት። የጠቀሳቸውን ምንጮች ከየት እንዳገኛቸው ያሳይዎ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የሌለ ጽሑፍ በሌለ ደራሲ ስም ፈጥረው ሊሰጡ እንደሚችሉ የታወቀ ነው፤ ጭራሽ የሌለ ምንጭ ተጠቅሶ ከተገኘ ያ ከመቶኛው ቁጥር የበለጠ ማስረጃ ነው። የጻፈውን አሳምሮ ካስረዳዎ ግን ጥርጣሬዎን ያንሡለት፤ የሰሙትንም ለባልደረባ አያውሩት፤ በመምህራን ክበብ የወጣ ወሬ ተማሪውን እስከ ዲፌንሱ ይከተለዋል።

በመጨረሻ ስለ ራስዎ። በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉትን ነገር ልያዘው፤ 11 ቡድን። ለአንድ መምህርት ይህን ያህል ቡድን ከተሰጠ፣ ከእያንዳንዱ ጋር በሴሚስተሩ ሁለት ጊዜ ቢገናኙ ነው፤ ሙሉውን ጽሑፍ ያዩትም ተጠርዞ ሲመጣ ይሆናል። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው፤ ኮፒ ቤቱ ገበያ ያገኘው ግን አማካሪው ረቂቅ በማያይበት ክፍተት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የቡድኑ ቁጥር እንዲቀነስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ባይቀነስም እንኳ ከእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያዎቹን አምስት የተሞሉ መጠይቆች ሥራው ሲጀመር ያስመጡ፤ ምዕራፎቹን አንድ በአንድ ይረከቡ፤ ርዕሱም በየትኛውም ከተማ ሊሠራ የሚችል የ«ሠራተኞች ርካታ» ከሚሆን በአንድ ሰፈር ወፍጮ ቤት፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ ቢሆን የሚገለበጥ ጽሑፍ አይገኝለትም። ከዲፌንሱ በፊትም ለእያንዳንዱ አባል ለብቻው ዐሥር ደቂቃ ይስጡ። ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለየኔታ በቃሉ ይነግራል፤ ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የኔታም ሰሙን ከወርቁ እያስለዩ ይጠይቁታል፤ የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል።

ሦስት ሳምንት አጭር ጊዜ ነውና ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ በግልባጩ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑር። ከዚያ በፊት ግን ያቺን ልጅ አስጠርተው ጉዳይዋ ለብቻው እንደሚታይ ይንገሯት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ ሊሆን ይችላል።